ከፊት የሚሮጥ ሰው

ልብስ ሰፊዋ ያን ጠዋት ሱቋን ከፍታ የስፌት መኪናዋን ዘይት ስታጠጣ፣ አንዲት ልጅ እንደ ድመት ሹልክ ብላ ገባችና የመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተወሸቀች።

«ኧረ ጉድ! አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«እሽሽ! እትዬ፣ በናትሽ ዝም በይ። አባዬ እያለፈ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደ ጨበጠች ወደ መስኮቱ ሄደች። ልጁን የሚደበድብ ሰው ከሆነ ልትጋፈጠው ነው እኮ! ያየችው ግን አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው። ካናቴራው በላብ ረጥቦ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፤ አንገቱን ቀጥ፣ ዓይኑን ወደ ፊት አድርጎ ያንን ዳገት በሩጫ ይወጣል፤ ደግሞ ያፏጫል። ዳገት እየሮጠ የሚያፏጭ ሰው አይታ አታውቅም። አንዴ እንኳ ወደ ኋላው ሳይዞር መታጠፊያውን አልፎ ተሰወረ።

«ይመታሻል?»

«ማን? አባዬ? አባዬ እኮ ዝንብ አይገድልም!» አለች ልጅቷ እዚያው ጠረጴዛ ሥር ሆና። «ልምምድ ላይ ነን። እሱ ከፊት ይሮጣል፣ እኔ ከኋላ። ላይ ያለውን የውሃ ታንከር ዞሮ በዚሁ ነው የሚመለሰው። እስኪመለስ እዚህ ልቆይ? ጎኔን ውግት አድርጎኛል።»

«ዞር ብሎ ቢያጣሽስ?»

«አይዞርም። ፊት ያለ አይዞርም፤ ሕጉ ነው። ፊት ያለው እየዞረ ካየ፣ ኋላ ያለው እዘኑልኝ ማለት ይለምዳል ይላል።»

እንዲህ እያለች ከወለሉ ላይ የወዳደቁ ቁልፎችን መልቀም ጀመረች። ዕድሜዋ አሥር ቢሆን ነው። ፉጨቱ ከመታጠፊያው ወዲህ ሲሰማ ብድግ ብላ የካውያውን ውሃ መርጫ አነሳችና ግንባሯንና አንገቷን ረጨች። ሰውየው በሩን እንዳለፈ ከኋላው ዱብ አለች። ኮቴዋን ሲሰማ ሳይዞር በደስታ ጮኸ።

«ጎበዝ የኔ ጩጬ! መሐል ላይ ትጠፊና መጨረሻው ላይ እንዴት እንደምትደርሺብኝ እኮ!»

ልብስ ሰፊዋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ያኔ ማን አወቀ?

ጩጬ በማግስቱም መጣች። ከዚያ በኋላማ ቤተኛ ሆነች።

የልጅቷን አባት ሰፈሩ «ሳይቃጠል» ነበር የሚለው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የምትለዋ ተረት ከአፉ ስለማትጠፋ ነው። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። ሊፍት ደግሞ ሰው ይዞ ከቆመ በኋላ ምን ዋጋ አለው? ገመዱ ደህና ሳለ፣ ፍሬኑ ሳይላላ ነው የሚታየው። እሱ ታዲያ ልጅም እንደ ሊፍት ቀድሞ የሚታይ ነገር መሰለው። የሚቀጥለው ዓመት ጫማዋ ዘንድሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ጥርሷን ሳያማት ሐኪም ያያታል። አዲስ ቤት በእንግድነት ሲገቡ ገና ሳይቀመጥ «ጩጬ፣ መውጫው በየት ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። ባለቤቶቹ ይሳቀቃሉ፤ እሷ ግን በጣቷ ታሳየዋለች።

ሰፈሩ ይስቅበት ነበር። እኔ ጎረቤቱ ግን አልስቅበትም። ሚስቱ አንድ ሰኞ ደረቴን ጨነቀኝ ብላ ተኛች፤ ሳምንቱ ሳያልቅ አፈር ለበሰች። «ቀድሜ ባውቅ ኖሮ» የምትል ነገር ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረች፤ አትወጣም፣ አትወርድም። ሐኪሞቹ ልጅቷ ጤነኛ ናት ብለው ቢምሉለትም አልሰማም። ትንፋሽ ይኑራት፣ ጽናት ይኑራት፣ የመጣው ቢመጣ ልጄን አይጥላት አለ። በየማለዳው የሚያስሮጣት ለዚህ ነው። ከሐዘን የመጣ ጥንቃቄ ስለሆነ ማን ደፍሮ በቃህ ይበለው?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ የሥራ ቱታ ይዞ ሱቁ ድረስ መጣ።

«እርስዎ ኖት ልብስ ሰፊዋ?»

«ኖት ተብዬ አላውቅም» አለችው ስቃ። «እኔ ነኝ። ምን ሆኖ ተቀደደ?»

«ከሊፍቱ ጣሪያ ስወርድ ነው። እንዳያዳልጠኝ ስጠነቀቅ እኮ ነው ያዳለጠኝ።»

እሱም ሳቀ። ሲስቅ ሌላ ሰው ይመስላል። ቱታውን እስክትጥፍለት ቆሞ ጠበቀ፤ ዓይኑ ግን የስፌት መኪናዋን በሚያዞረው ቀበቶ ላይ ነበር።

«ቺንጋሽ ሊበጠስ ነው።»

«ገና አልተበጠሰም።»

«ለዚህ እኮ ነው የምነግርሽ!»

በማግስቱ አዲስ ቺንጋ ይዞ መጣ፤ ተንበርክኮ ቀየረላት። እሷ አንገቱን ቁልቁል እያየች ቆመች። የሸሚዙ ኮሌታ በስተኋላ ነትቧል፤ ልጁን እንጂ ራሱን ቀድሞ እንደማያይ ገባት። ከዚህ በፊት የወደደችው ሰው አንድ ቀን ደህና ዋይ እንኳ ሳይላት ነው ውልቅ ብሎ የሄደው። ይኼኛው ግን ቺንጋ ሊበጠስ ሲል ይናገራል። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?

ከዚያ ወዲህ የሳይቃጠል ልብስ እንደ ጉድ ይቀደድ ጀመር። አንዴ ኪሱ፣ አንዴ ዚፑ። ጎረቤት ያለው ቁልፍ ቀራጭ «ይኼ ሰውዬ ልብሱን ማታ ማታ በጥርሱ ነው እንዴ የሚቦጭቀው?» እያለ ይተርባቸዋል። እነሱም ሻይ ቤት ጥግ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ምንም ሳያወሩ ሻያቸውን ያቀዘቅዛሉ። እሱ ቀና ሲል እሷ ታቀረቅራለች፣ እሷ ቀና ስትል እሱ።

ጠዋት ጠዋት ግን ጩጬ ጠረጴዛው ሥር አለች።

«እዚህ ስሆን ለምንም አልዘጋጅም» አለቻት አንድ ቀን፣ ቁልፎቹን በየቀለማቸው እየለየች። «ደስ ይለኛል።»

ልጅቷ አንጀቷን በላቻት። «ውጪ» ለማለት አፏ አልታዘዝ አላት።

ሳይቃጠል የጋብቻውን ነገር ያነሳው እንደ ልማዱ ቀድሞ ነው። «ቀድሜ ልንገርሽ» አለ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። «ቤቴ ውስጥ አንቺን ነው የማስበው። ግን ጩጬ ካልወደደችሽ አይሆንም። እሷን ብጎዳት መኖር አልችልም።»

«ጠይቃታ» አለች።

ጠየቃት። ጩጬ አልጋው ላይ ዘላ ጨፈረች። «እትዬን? እትዬማ ነፍሴ ናት!» አለች። ሳይቃጠል ይህን ሲያወራላት እንባው ዓይኑ ላይ ሞልቶ ነበር። «እንዴት ነው እንዲህ በአንድ ጊዜ የወደደችሽ?» ሲላት፣ ልብስ ሰፊዋ መሬት መሬት አየች። ምን ትበለው? ልጅህ በየጠዋቱ እኔ ዘንድ ተደብቃ ነው የከረመችው ትበለው? የደስታዋ መሠረት እሱን ማታለል ሆኖ ቁጭ አለ።

ጉዱ የፈላው የሩጫው ወሬ ሲመጣ ነው። ወላጅና ልጅ ተጣምረው የሚሮጡበት፣ ከወንዙ ድልድይ ተነስቶ እስከ ዳገቱ ጫፍ የሚዘልቅ ረጅም ውድድር ተዘጋጀ። ሳይቃጠል ሮጦ ሱቁ ደረሰ።

«ተመዘገብን! ስሚኝማ፣ ጩጬ መጨረሻው ላይ ያላት ጉልበት የአዋቂ ነው። ሌላው ልጅ ሲዝል እሷ ገና ትጀምራለች። በጆሮዬ ነው የምሰማት!»

ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን እጅጌ ገልብጣ እየሰፋች መሆኗን ያየችው እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጩጬን አስቀምጣ ለመነቻት። «የኔ ቆንጆ፣ ንገሪው። ያንን ዳገት አንድ ቀን እንኳ ጨርሰሽው አታውቂም እኮ።»

«አልችልም።»

«ለምን? አባትሽ አይቆጣ፣ አይመታ።»

«ቢቆጣማ ጥሩ ነበር» አለች ልጅቷ። «እማዬ ከሞተች ወዲህ የሚያፏጨው ስንሮጥ ብቻ ነው። ቤት ሲገባ ይተዋል።»

«እሺ እኔ ልንገረው?»

ጩጬ ፊቷ ዳመነ። «ከነገርሽው ሁለተኛ ዓይንሽን አላይም! ማንንም አላምንም!» ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ልብስ ሰፊዋ አቅፋ ያዘቻትና ቃል ገባችላት። ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ ከአፍ ከወጣ በኋላ አይመለስም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ጭንቅ ብቻ ነው። ብትናገር ልጅቷን ታጣለች፤ ልጅቷን ከከፋት ደግሞ ሰውየውም የለም። ዝም ብትል ልጅቷ ያ ዳገት ላይ ትወድቃለች። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። እህል አልወርድ አላት። በዚህ ላይ የውድድሩን ቁምጣና ካናቴራ እንድትሰፋ የታዘዘችው እሷው ናት! ልኬቱን ስትወስድ ጩጬ እጆቿን ዘርግታ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች፤ ሁለቱም አይናገሩም።

በውድድሩ ዋዜማ፣ ልብሱን ሊወስድ ሲመጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ጀመረች።

«ልጅቷ ባትሮጥስ?»

«ምን?»

«ትንሽ ናት። ዳገቱ ይከብዳታል። እባክህ አንድ ዓመት ጠብቅ።»

«ስንት ጊዜ ስትለማመድ ነው የከረመችው? ምን አይተሽ ነው?»

አየችው። «ዝም ብዬ ፈርቼ ነው» አለች።

ሳይቃጠል ካናቴራውን አጣጠፈ። «እናቷም እንዲህ ነበረች፤ ተው፣ ቀስ በል፣ ምን ያስቸኩላል። አንቺ እናቷ አይደለሽም። ልጄን አታስፈሪብኝ።»

ተናግሮ ሳይጨርስ ነው የጸጸተው፤ ፊቱ ላይ ታየ። እሷ ግን ነገሩ ስንጥቅ አድርጓት ስለነበር ጀርባዋን ሰጠችው። እሱም ይቅርታ እንዴት እንደሚባል ቀድሞ ስላልተዘጋጀበት፣ በሩ ላይ ትንሽ ቆሞ ሄደ። ወይ ነዶ! ያን ደቂቃ አንዳቸው አንዲት ቃል ቢጨምሩ ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የውድድሩ ጠዋት ፀሐይዋ ገና በጊዜ ታቃጥላለች። ልብስ ሰፊዋ ዳገቱ መሐል፣ ሰው ከተደረደረበት ጠርዝ ቆመች። ወላጆችና ልጆች እየተንጠባጠቡ አለፉ። ሌሎቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዳንዱ የልጁን እጅ ይዟል። ሳይቃጠል ብቻ ከፊት ነው። አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ እያፏጨ።

ጩጬ በጣም ወደ ኋላ ቀርታለች። ፊቷ አመድ መስሏል። አንድ እጇ ጎኗ ላይ ነው። አፏን ከፍታ አየሩን ትጎትታለች፤ አይገባላትም። ልብስ ሰፊዋን ስታያት ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ እንዳትናገሪ ማለቷ ነው።

«ዙር!» ብላ ጮኸች ልብስ ሰፊዋ። «አንተ ሰው! ወደ ኋላህ ዙር! ልጅህን እያት!»

ድምጿን ሰማ። በደንብ ሰማ። ተቀይማው ቀርታ ይሆናል ብሎ ሲጨነቅ ነበርና፣ ልታበረታታው የመጣች መሰለው። ሳይዞር እጁን ከፍ አድርጎ በደስታ አወዛወዘላት። ሩጫውንም ጨመረ።

እሷ ከኋላው ሮጠች። ነጠላ ጫማዋ ተበጠሰ፤ በባዶ እግሯ ሮጠች። ግን እሱ ስንት ዓመት ዳገት ሲሮጥ የኖረ ሰው ነው፣ የት ትደርስበታለች? ከኋላዋ ሰዎች «እዩ! እዩ! ልጅቷ!» ሲሉ ሰማች። ዞር ስትል ጩጬ አስፋልቱ ላይ ተዘርግታለች።

ሳይቃጠል መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ያን ጊዜ ዞረ። ሊያቅፋት ሁለት እጁን ዘርግቶ ነበር። የማያውቃቸው ልጆች አንድ በአንድ በአጠገቡ አለፉ። እጁን ሳያጥፍ ቆየ አሉ ያዩት ሰዎች፤ ማን ሄዶ ይንገረው?

ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ሁለቱ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የእሷ እግር ደምቷል፤ እሱ አላየውም። ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።

«አይዟችሁ፣ ደህና ናት። ፀሐይና ድካም ነው፤ ስትወድቅ ደግሞ እጇ ተሰብሯል፤ ይታሰርላታል። አንድ ሰው መግባት ይችላል።» ሳይቃጠል ብድግ አለ። ነርሷ በሐፍረት ጉሮሮዋን ጠረገች። «እትዬን ጥሩልኝ ነው የምትለው።»

እንደ ቆመ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ግቢ» አለ፣ ወለሉን እያየ።

ጩጬ ትራስ ላይ ትንሽ ሆና ነበር። ልብስ ሰፊዋ አጠገቧ ተንበረከከች። ልታጽናናት ነው የገባችው። «አይዞሽ፣ አልነገርኩትም» አለቻት በሹክሹክታ። «ቃሌን ጠብቄያለሁ።»

ልጅቷ ትራሱ ላይ ቀና አለች።

«ለምን አልነገርሽውም?»

«አንቺ እኮ አትንገሪው ብለሽኝ...»

«እኔ እኮ ልጅ ነኝ!» ብላ ጮኸች ጩጬ። «አለቀስኩ እንጂ! ቢከፋኝም ትነግሪዋለሽ ብዬ ነበር። በየቀኑ ዛሬ ትነግረዋለች እያልኩ እጠብቅ ነበር። ትልቅ ሰው አይደለሽ እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ የምትወዳት የሚስጥር ጓደኛዋ ስለሆነች መስሏት ነበር። ልጅቷ ግን የምትፈልገው ሌላ ነው፤ ተይ ስትባል የማትተዋት ሰው። ይህን ማወቋ ከምንም በላይ አቃጠላት።

እንባዋን ሳትጠርግ ወጥታ ሁሉንም ነገረችው። ጠረጴዛውን፣ የካውያውን ውሃ፣ ጎኗን የሚወጋትን፣ ለምን እንደምትደበቅ። ፉጨቱን ስትነግረው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«በየቀኑ?» አለ።

«በየቀኑ።»

«አንቺም ታውቂ ነበር።»

«ብናገር እሷን አጣለሁ፣ አንተንም አጣለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔ ደግሞ እሷን ላጣት ነበር» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር። «እናቷ ስትሄድ እጄን አጣጥፌ አየሁ። ከዚያ ወዲህ የማላስበው ነገር የለም፣ የማልዘጋጅበት ነገር የለም። ይኸው፤ ልጄ ከኋላዬ ወድቃ እኔ እጄን አወዛውዛለሁ። ምን ላድርግ? እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?»

እሷም አላወቀችም። ክንዱን ልትነካው እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

«ለዛሬ ሂጂልኝ» አለ በመጨረሻ። «እባክሽ።»

ሄደች። የጋብቻው ነገር ዳግም አልተነሳም። ቱታም አልተቀደደም። ቁልፍ ቀራጩ እንኳ መቀለዱን ተወ።

ጩጬ ግን እጇ እንደ ታሰረ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ መጣች፤ በዋናው በር፣ በግልጽ። «አባዬን ጠይቄ ነው» አለች። ጠረጴዛው ሥር አልገባችም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋም ከዚያ ቀን ጀምሮ አመሏን ቀየረች። የቤት ሥራሽ የት አለ ትላለች። አሁን ይበቃሻል፣ ውጭ ሂጂና ተጫወቺ ትላለች። ልጅቷ ታኮርፋለች፤ አኩርፋም በማግስቱ ትመጣለች።

ሳይቃጠል ሊወስዳት ሲመጣ ሱቁ አይገባም። ከመንገዱ ማዶ፣ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እሷ በመስኮቱ ታየዋለች። ከስቷል። ኮሌታው አሁንም እንደ ነተበ ነው። ቀና ብሎ ያያታል፤ ከዚያ ሁለቱም ሌላ ነገር የሚያዩ ይመስላሉ። ሄዳ እንዳታናግረው እግሯ ይተሳሰራል፤ እንዳትተወው ልቧ እምቢ ይላል። እሱም እንደዚያው። ሁለት ጎልማሶች በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ እንደዚያ ሲቃጠሉ ማየት ለእኛ ለጎረቤቶቻቸው ራሱ ሕመም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ዝናብ ጣለ። በረንዳው ጠባብ ነው፤ ትከሻው ይርሳል። ዣንጥላ አልያዘም። ያ ሰው፣ ዣንጥላ ሳይዝ!

«እትዬ፣ ግባ በይው» አለች ጩጬ።

«አንቺ ጥሪው። አባትሽ ነው።»

ጩጬ ቀና አላለችም። ያልታሰረ እጇ ቁልፍ ይዟል። «የትልቅ ሰው ሥራ ለእኔ አትስጪኝ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን አስቀመጠች። ዝናቡ ውስጥ ወጣች፤ መንገዱን ተሻገረች፤ ፊቱ ቆመች።

«ግባ።»

«ገብቼ ምን እላለሁ?»

«እኔ እንጃ።»

ውሃው ከጣሪያው ጠርዝ በመሐላቸው ይወርዳል።

«ንዴቴ አልበረደልኝም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ስላንቺ ማሰብም አልተውኩም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ይሻለናል?»

«እኔ እንጃ አልኩህ እኮ! በቃ አላውቅም!» አለች፣ ዝናቡና እንባዋ ተደባልቆ።

ሳይቃጠል በሕይወቱ ምን እንደሚገጥመው ሳያስብ የሰው ቤት ገብቶ አያውቅም። ያን ዕለት አብሯት መንገዱን ተሻገረ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ገባ። ምን እንደሚል ሳያውቅ መሐል ወለል ላይ ተገተረ። እሷም አጠገቡ ተገትራ ቀረች።

«ጫማችሁን ጥረጉ እንጂ» አለች ጩጬ፣ «መሬት ላይ ጨርቅ አለ።»